የሞቃት ዓመት ቦርዶ፦ አሁን ይጠጣ ወይስ ይቆይ?

ጠያቂ፣ አዲስ አበባ
ከፈረንሳይ የመጣ እንግዳ ሁለት ጠርሙስ ቀይ ወይን ጠጅ አምጥቶልኝ ነበር። ሁለቱም የቦርዶ፣ እዚያው ካለችው ከሴንት ኤስቴፍ መንደር፣ የ2018 (እ.ኤ.አ.) ምርት ናቸው፤ አልኮላቸው 14.5 በመቶ ይላል። አንዱን ትናንት ለፋሲካ ከዶሮ ወጥ ጋር ከፈትነው። ሽታው ደስ ይላል፤ ሲቀመስ ግን ድድን ጨምድዶ ይይዛል፣ ጉሮሮንም ያቃጥላል። እንግዳዬ ‹‹የሞቃት ዓመት ወይን ነው፣ ይቆይ ነበር›› አለ። ሁለተኛውን ባቆየው በእርግጥ ይሻሻላል? ምድር ቤት የለኝም፤ ጠርሙሱ ያለው ወጥ ቤት፣ ከማቀዝቀዣው በላይ ባለው መደርደሪያ ነው። ከተከፈተው ግማሹ ተርፏል።

በሆቴል የወይን ጠጅ አስተናጋጅ
የዶሮ ወጡን ጥፋት በወይኑ ላይ አያላክኩ! በርበሬ አፍን ሲያቃጥል አልኮሉ የባሰ ይፋጃል፣ ድድ የሚይዘው፣ ታኒን የሚባለው የፍሬው ንጥረ ነገርም ይጎላል። እንዲህ ያለው ወይን የሚስማማው ሚጥሚጣ ካልነካው የበግ ጥብስ ጋር ነው።

የተረፈውን አይድፉት። ግማሽ ሰዓት ያህል ማቀዝቀዣ ውስጥ አቆይተው በ16 ወይም በ17 ዲግሪ ይቅመሱት። በሞቀ ክፍል የተቀዳ ቀይ ወይን መጀመሪያ የሚሸተው አልኮሉ ነው። ብርጭቆውን በነጭ ወረቀት ላይ ዘንበል አድርገው የጠርዙን ቀለም ይዩ፤ ወይን ጠጅማ ከሆነ ገና ልጅ ነው፣ ወደ ጡብ ቀለም ከሄደ አርጅቷል። ከዚያ ያሽትቱ። ትኩስ ጥቁር ፍሬ ይሸታል ወይስ ዘቢብና የበሰለ ማርማላታ?

ከቦርዶ፣ የወይን እርሻ ሠራተኛ
ጓደኛችን ያለው ትክክል ነው፤ ምክንያቱን ልጨምር። በ2018 ጸደዩ እዚህ ዝናባማ ነበር፣ የሻጋታ በሽታ ብዙ እርሻ ጎዳ። ከሐምሌ እስከ ለቀማው ግን ደረቅና ሞቃት ሆነ። ሙቀት ሲበዛ በፍሬው ውስጥ ስኳሩ ይጨምራል፣ አሲዱ ይቀንሳል፤ ስኳሩ ሲቦካ አልኮል ይሆናል። ፍሬው ትንሽ፣ ቆዳው ወፍራም ስለሚሆን ታኒኑም ይበዛል።

ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ጊዜ ታኒንን ያለሰልሳል። ታኒኑ እርስ በርሱ ተያይዞ ይከብድና ከጠርሙሱ ሥር አተላ ይሆናል። አልኮልን ግን አይቀንስም፤ የጎደለ አሲድንም አይመልስም። ስለዚህ ድድ መያዙ በቆይታ ይስተካከላል፤ ማቃጠሉ ከወይኑ ከራሱ ከሆነ አብሮት ያረጃል።

ሴንት ኤስቴፍ መሆኑ ግን ያጽናናል። እዚያ ሸክላማ አፈር ስላለ ውኃ ይይዛል። በ2003 የነሐሴ ሙቀት አውሮፓን ሲያነድድ፣ ቀድሞ የሚበስለው ሜርሎ የተባለ የወይን ዝርያ በጠጠርና በአሸዋ መሬት ላይ ሲጎዳ፣ ካበርኔ ሶቪኞን የተባለው ሌላው ዝርያ በሴንት ኤስቴፍ ተቋቁሟል። እዚያ ያለው ሻቶ (የወይን እርሻና መጥመቂያ) ሞንትሮዝ የዚያ ዓመት ወይኑ እስከ ዛሬ ይወደሳል።

ከሜሪላንድ
እኔ እንኳ ጠጡት ባይ ነኝ። የሞቃት ዓመት ወይን ውበቱ በልጅነቱ ነው፤ ሃያ ዓመት ጠብቆ ዘቢብ መጠጣት ምን ይረባል? ባለሙያዎቹም ቢሆኑ አይስማሙም። የ2003ቱን የቦርዶ ወይን ሻቶ ፓቪን አሜሪካዊው የወይን ሐያሲ ሮበርት ፓርከር ሰማይ ሲያደርሰው፣ እንግሊዛዊቷ ሐያሲ ጃንሲስ ሮቢንሰን ከ20 የሰጠችው 12 ነበር። ያው አንድ ወይን ነው! የሚወዱት ዓይነት ከሆነ ሌላው ትርፍ ነገር ነው።

ጠያቂ
ቀዝቀዝ አድርጌ ያለ ምግብ ቀመስኩት። ጠርዙ ወይን ጠጅማ ነው። የሸተተኝ ጥቁር ፍሬና እንደ እርሳስ ቅራፊ ያለ ነገር ነው፤ ዘቢብ የለውም። ድድ መያዙ ቀንሷል እንጂ አልጠፋም። ማቃጠሉ ግን የለም ማለት ይቻላል።

ከቦርዶ፣ የወይን እርሻ ሠራተኛ
እንግዲያው ያቆዩት። ተከፍቶ አድሮ ከተሻለ ገና ጉልበት አለው። ስመ ጥር ሻቶ ከሆነ እስከ 2030ዎቹ አጋማሽ አይቸኩሉ፤ ተራ ከሆነ ሁለት ሦስት ዓመት ይበቃዋል።

ከማቀዝቀዣው በላይ ግን ዛሬውኑ ያውርዱት፤ የሞተሩ ሙቀትና ንዝረት ሁለቱም ጠላቶቹ ናቸው። ተመራጩ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ነው። ያ ካልተገኘ፣ ፀሐይ በማትነካው የውስጥ ክፍል፣ ከወለል አጠገብ ባለ ቁም ሳጥን፣ ቡሹ እንዳይደርቅ በጎኑ አስተኝተው ያስቀምጡት። ሁልጊዜ 18 ዲግሪ የሆነ ቦታ፣ ቀን 25 ማታ 13 ከሚሆን ይሻላል፤ በ18 ዲግሪ ቶሎ ያረጃል እንጂ አይበላሽም። እንዲያ ከሆነ እኔ ካልኩት ጊዜ ቀድመው ይክፈቱት።

በሆቴል የወይን ጠጅ አስተናጋጅ
ሊከፍቱት ሲያስቡ ከአንድ ቀን በፊት ጠርሙሱን ቀጥ አድርገው ያቁሙት፣ አተላው ይረጋል። በዝግታ ወደ ጆግ ይገልብጡት፤ አንገቱ ላይ አተላ ሲታይ ያቁሙ።

ሌላ አባል
የዝዋዩን የካበርኔ ወይንስ ለአሥር ዓመት ላስቀምጠው?

በሆቴል የወይን ጠጅ አስተናጋጅ
እርሱ ቶሎ እንዲጠጣ የተሠራ ነው። ለሚመጣው የገና በዓል ይክፈቱት።