ጥቆማ፦ መልቲፕሊሲቲ (አንድ መልስ ስንት ጊዜ እንደሚቆጠር) የሚያወጣ ሶፍትዌር የምታውቁ?

የአራት ኪሎዋ፦ ሰላም ለቤቱ። የማስተርስ ጽሑፌ ላይ ነኝ። ሁለት እኩልታ አለኝ፤ ኤክስ ካሬ ከዋይ ኪዩብ ጋር እኩል ነው፣ ዋይ ካሬ ደግሞ ከኤክስ ኪዩብ ጋር። ዜሮ ዜሮ ላይ ያለው መልስ ስንት ጊዜ ይቆጠራል? በእጅ መሥራት ሰለቸኝ። ማቲማቲካ፣ ሜፕል ወይስ ነፃ ነገር? ላፕቶፔ አሮጌ ነው።

ሜፕሌ፦ ሜፕል። አለቀ። «ኤክስ ሲቀነስ 1»ን ኪዩብ አድርገሽ ስጪው፤ 1፣ 1፣ 1 ብሎ ሦስቴ ይደረድርልሻል።

ፓይተን ሰፈር፦ ሲምፓይ (የፓይተን የሂሳብ ላይብረሪ) ነፃ ነው። ግን «ሶልቭ» ካልሽው 1ን አንዴ ብቻ ነው የሚሰጥሽ። ድግግሞሹን የሚነግርሽ «ሩትስ» ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ስንት ሌሊት አደርኩ።

የተቃጠለው፦ ብቻ ክራክ እንዳታስጭኚ! አንድ ኮምፒውተር ቤት «ኦሪጅናል ነው» ብሎ ጫነልኝ። በሳምንቱ ፋይሎቼ በሙሉ ተቆለፉ። ሁለት ምዕራፍ ገደል ገባ።

ጎረቤት፦ የቱ ቤት ነው? እኔም ላስጭን ነበር።

የተቃጠለው፦ ስም አልጠራም። ሰውየው ዛሬም ሲያየኝ ፈገግ ብሎ ሰላም ይለኛል። እሱ ነው የሚያበግነኝ።

ጎረቤት፦ ፍላሽ ላይ ኮፒ አልነበረህም?

የተቃጠለው፦ ፍላሹም ተሰክቶ ነበር።

ፈጣን መልስ፦ ሶፍትዌር ምን ያደርጋል? በኒውተን ዘዴ፣ ከግምት ተነስተሽ በየዙሩ እያቀረብሽ፣ መልሱን ፈልጊው።

የአራት ኪሎዋ፦ መልሱማ ዜሮ ነው፣ አውቀዋለሁ። የጠየቅኩት ስንት ጊዜ እንደሚቆጠር ነው።

ምላሰኛው፦ ኒውተን እኮ ድርብ ሥር (ሁለቴ የሚቆጠር መልስ) ላይ ስህተቱን በየዙሩ በግማሽ ገደማ ብቻ ነው የሚቀንሰው። እስኪደርስ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይጠጣበታል።

ከጀርመን፦ እህቴ፣ እስካሁን የተነገረሽ ለአንድ ተለዋዋጭ ነው። ያንቺ ሁለት አለው። ሲንጉላር የሚባለውን ሶፍትዌር ሞክሪ። እዚህ ካይዘርስላውተርን ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ነው፣ ነፃ ነው፣ አሮጌ ላፕቶፕም አይከብደውም። ሪንጉን (ተለዋዋጮቹን የምታስተዋውቂበትን መስመር) ስትጽፊ ኦርደሪንጉን (የቴርሞቹን ቅደም ተከተል) «ዲኤስ» በይው፤ ዜሮ አካባቢ ብቻ እንዲያይ ነው። ከዚያ እኩልታዎቹን የሚያዘጋጀውን «ኤስቲዲ»፣ ቀጥሎ የሚቆጥረውን «ቪዲም» እዘዢው። 4 ይልሻል። በ«ዲኤስ» ፈንታ በ«ዲፒ» ከጻፍሽው ግን 9 ይወጣል። እሱ የሁሉም መልስ ድምር ነው፤ ኮምፕሌክሶቹን ጨምሮ ከዜሮ ውጭ ሌሎች 5 አሉና። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ፓይተን ሰፈር፦ ሳይን ቢገባበትስ?

ከጀርመን፦ ፖሊኖሚያል ስላልሆነ በቴይለር ተከታታይ (እንደ ኤክስ ፓወሮች ድምር) ዘርዝረው። የኤክስ ሲቀነስ ሳይን ኤክስ መልቲፕሊሲቲ ዜሮ ላይ 3 ነው፤ መጀመሪያ ዜሮ የማይሆነው ሦስተኛው ዴሪቫቲቭ ነዋ።

ሜፕሌ፦ ሜፕልም ያወጣዋል።

ምላሰኛው፦ ፈቃዱን አንተ ትከፍልላታለህ?

ሜፕሌ፦ ጥሩ ነገር ዋጋ አለው።

የአራት ኪሎዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። @የተቃጠለው፣ ምዕራፎቹ ግን በኋላ ተገኙ?