በ486 ኮምፒውተር ላይ የታንክ ጨዋታ አልነሳ አለኝ፤ የሚያውቅ ይርዳኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከአዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ያስወገደውን 486 (486 የተባለ የድሮ ፕሮሰሰር ያለው) ኮምፒውተር ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ የገዛሁት «ኤም ዋን ታንክ ፕላቱን»ን ልጫወትበት ነበር፤ ማይክሮፕሮዝ በ1989 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ አራት አብራምስ ታንኮችን የምታዝዙበት ጨዋታ ነው። «በላፕቶፕህ ላይ በአስመሳይ ፕሮግራም ተጫወት» የምትሉኝ አትድከሙ። የአሮጌው ቁልፍ ሰሌዳ ድምፅ ራሱ ግማሽ ደስታዬ ነው።

ጨዋታውን ሳስነሳ «ማህደረ ትውስታ አነሰኝ» ብሎ ወደ ዶስ፣ ማለትም በጽሑፍ ትዕዛዝ ወደሚሠራው የድሮ ሥርዓተ ክወና፣ ይመልሰኛል። ማሽኑ 8 ሜጋባይት ቢኖረውም ዶስ 6.22 ለተራ ፕሮግራሞች የሚሰጠው የመጀመሪያውን 640 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ ከእሱም ላይ የማውሱና የሲዲው ድራይቨሮች (መሣሪያዎቹን የሚያሠሩ ፕሮግራሞች) ድርሻቸውን ይቆርሳሉ። እነሱን ከ640 ኪሎባይት በላይ ወዳለው ክፍል ለማዛወር፣ ማሽኑ ሲነሳ በሚያነበው ኮንፊግ ፋይል ውስጥ ኢኤምኤም386 የተባለውን የማህደረ ትውስታ አስተዳዳሪ ጨመርኩ። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ጠቋሚው ግራ ጥግ ላይ ብልጭ ድርግም እያለ በዚያው ደርቆ ይቀራል። ኤፍ5 ተጭኜ ፋይሉን ካላዘለልኩት በቀር ንቅንቅ አይልም።

የምጠረጥረው የኔትዎርክ ካርዱን ነው፤ ካርዱ የሚጠቀምበትን የማህደረ ትውስታ አድራሻ ኢኤምኤም386 ወስዶበት ይሆናል። ነቅዬ እንዳልገላገል ፋይል የማስተላልፈው በእሱ ነው፤ የፍሎፒ ማንበቢያው የከተማችንን አቧራ ጠግቦ ሥራ አቁሟል። በካርዱ ላይ የነበረው ጽሑፍም ተፍቆ ጠፍቷል።

ኢኤምኤም386 እንዳይነካው የትኛውን የአድራሻ ክልል ላስቀር? ሲ800 ከሚባለው አድራሻ ልጀምር? ኤምኤስዲ የተባለው የዶስ መመርመሪያ ፕሮግራም የሚያሳየው የማህደረ ትውስታ ካርታስ ይታመናል? ኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ የሚገባውን ትክክለኛ መስመር እንዳለ ጻፉልኝ፤ ቃል በቃል እገለብጠዋለሁ።