ልጄ ጭፈራ ለምዷል፤ ልተወው ወይስ ላስቆመው?

የመንደራዋ እናት፦
ሰላም ጅማዎች፣ ሌላ ቦታ ያላችሁም። ምክር ፈልጌ ነው። የ8 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ፣ በጣም ዝምተኛ። እንግዳ ሲመጣ ከኋላዬ ነው የሚደበቀው። መልሱን እያወቀ እጁን እንደማያወጣ አስተማሪው ስንቴ ነግራኛለች። ከፋሲካ በኋላ የአጎቱ ሰርግ ነበረና ድንኳኑ ውስጥ ከበሮው ሲደምቅ ይሄ ልጅ ከጉያዬ ወጥቶ መሃል ገባ፣ ትከሻውን እንዲህ ሲያርገፈግፈው እኔ ራሴ «የማን ልጅ ነው?» አልኩ። አያቱ ግንባሩ ላይ ብር ለጠፉለት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን ሰርግ ቤት ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ዩኒፎርሙን እንኳን ሳያወልቅ ሙዚቃ ይከፍታል፣ የ4 ዓመት እህቱን ይጎትታል፣ አብረው ይዘላሉ። እውነቱን ለመናገር እኔም ደስ ብሎኛል። በዚህ የጅማ ዝናብ ውጭ ወጥቶ የሚጫወትበት የለውም፣ አለዚያ ስልክ ላይ ተጥዶ ነው የሚውለው። ባለቤቴ ግን አልወደደውም። «ተማሪ ነው አዝማሪ የምናሳድገው?» ይላል።

ደግሞ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ቪዲዮ ቀርጬ ለዘመድ ልኬ ነበር፣ ሁሉም ወደደው። ባለፈው እሁድ እንግዶች መጥተው «እስቲ አንዴ ውረድልን» ሲሉት መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥም ቀዝቀዝ ብሏል። ምን ነካው? ለመሆኑ ጭፈራ ለልጅ ይጠቅመዋል ወይስ ዝም ብዬ ነው የተደሰትኩት?

የስፖርት መምህር፦
እህቴ፣ ይጠቅመዋል። የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎችን አስተምራለሁ፣ በየቀኑ የማየው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ልብ የሚያስመታ እንቅስቃሴ ያስፈልጋል ይላል፣ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ደግሞ አጥንትና ጡንቻ የሚያጠነክር። መዝለል ያለበት ጭፈራ ሁለቱንም ይሰጥሻል። ለትንሿ እህቱ እንዲያውም ይበልጣል፤ የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ በቀን 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለባት፣ ስክሪን ግን ከ1 ሰዓት ባይበልጥ ነው የሚመከረው።

ግን የኛ አገር ጭፈራ ከመዝለልም በላይ ነው። እስክስታ ስትመቺ እግርሽ ቀስ ብሎ ምቱን ይይዛል፣ ትከሻሽ በዚያ ላይ ይፈጥናል፣ አንገትና ትንፋሽ ደግሞ የራሳቸው ሥራ አላቸው። ለልጅ ይሄ ቀላል አይደለም! የጉራጌውን ሞክሪው፣ 3 ደቂቃ እኔንም ያስተነፍሰኛል። ወላይታው ወገብ ነው። ግራና ቀኙን የማይለይ ልጅ በጭፈራ ሲለይ አይቻለሁ፣ ቃላት ላይ የሚፈራም በእግሩ ሲደፍር አይቻለሁ። አንደኛ ይወጣልሻል ብዬ ግን ቃል አልገባም። ለባለቤትሽ የምትነግሪው ይሄን ነው፦ ከቤት ሥራው በፊት 20 ደቂቃ ይጨፍር፣ ከዚያ ይቀመጥ። ተቀምጦ የዋለ ልጅን እንደገና አስቀምጦ ማስጠናት ነው የሚከብደው።

የአዌቱ ዳር፦
«ምን ነካው» ላልሽው መልሱ ራስሽ ጽሑፍ ውስጥ አለ። ፈተና አደረጋችሁበት! ሰርጉ ላይ እኮ ማንም «ጨፍር» አላለውም፣ መቶ ሰው አብሮት ይጨፍር ስለነበረ ነው የገባው። ሳሎን ውስጥ ግን ስድስት ትልልቅ ሰው ሶፋ ላይ ተቀምጦ እሱን ብቻ ሲያይ አንቺ ብትሆኚ ትወርጂ ነበር? እኔ አልወርድም። ስልኩን አስቀምጪና አብረሽው ግቢ። ቪዲዮውንም ቲክቶክ ላይ እንዳታወጪው፣ የክፍሉ ልጆች አንዴ ካገኙት አለቀለት።

የጅሬን ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኛ ቤት ዘፈን አይከፈትም፣ እንደዚያ ነው ያደግነው። ግን የምትይው ደስታ አዲስ አልሆነብኝም። መውሊድ ሲደርስ አባቴ ልጆቹን ሰብስቦ መንዙማ ያስብለን ነበር። ድቤው ይመታል፣ እኛ በጭብጨባ እንቀበላለን፣ ተርታ ሆነን ወደ ግራ ወደ ቀኝ እንወዛወዛለን። ዓይን አፋር ልጅ ነበርኩ፣ ለብቻዬ ተናገር ብትይኝ አልናገርም፣ ከወንድሞቼ ጋር ሆኜ ስቀበል ግን ድምፄ ከሁሉም ይበልጥ ነበር አሉ። አሁን ለልጆቼ የማደርገው እሱኑ ነው። ስለዚህ ዘፈን የማይሆንላቸው ቤተሰቦችም ይሄን ውይይት አንብበው «ለኛ አይደለም» እንዳይሉ ብዬ ነው።

የስፖርት መምህር፦
የጅሬን ልጅ ያለው ትክክል ነው፣ መቀበል ለዓይን አፋር ልጅ መድኃኒት ነው። ቡሄም ነሐሴ 13 እየመጣ ነው፣ ሆያ ሆዬ ላይ አንዱ ያወጣል ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ዱላው መሬቱን ይመታል፣ ማንም ለብቻው አይታይም። መጀመሪያ ተቀባይ ይሁን። ማውጣቱን ሲፈልግ ራሱ ይጠይቃል።

ጀበና፦
እኔ ከባለቤትሽ ጋር ነኝ፣ በግማሹ። ጭፈራው ችግር የለውም፣ ዘፈኑን ግን ስሚው። ልጄ ትርጉሙን የማታውቀውን ግጥም አማቴ ፊት ስትዘፍን የገባሁበት ጉድ እኔ ነኝ የማውቀው። ማታ ከመኝታ በፊትም ይቅርባችሁ፣ የኔዎቹ ከጨፈሩ እስከ አራት ሰዓት አይተኙም።

«አዝማሪ» ያለውን ግን ንገሪው፣ አዝማሪ መሲንቆ ይዞ ቆሞ ግጥም የሚፈጥር ሰው ነው። ልጁ ያን ቢችልማ ትምህርቱም ባልከበደው 😄

ኮቺ ሰፈር፦
ከሥራ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው፣ አጭር ላድርገው። ካልሲ አድርገው ሴራሚክ ላይ እንዳይጨፍሩ! የኔ ልጅ ተንሸራታ ቁርጭምጭሚቷ ዞሮ ሁለት ሳምንት አንክሳለች። ባዶ እግር ይሻላል። ኮንዶሚኒየም ከሆናችሁ ምንጣፍ አንጥፉ፣ የታች ጎረቤትም ሰው ነው። ድምፁንም ቀንሱት፣ የልጅ ጆሮ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ባዶ ጄሪካን ገልብጣችሁ ምቱ፣ ከስፒከሩ የበለጠ ነው የሚወዱት፣ ምክንያቱም ራሳቸው ናቸው የሚመቱት።

የአዌቱ ዳር፦
አባትየውን አስገቢው። ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው። እኔ አባቴን የማስታውሰው በሁለት ነገር ነው፣ በቁጣውና በእንቁጣጣሽ ማታ በሚጨፍረው ነገር። ሹፌር ነበር፣ ከመንገድ ደክሞ ይመጣል፣ ግን እናቴ ማጨብጨብ ከጀመረች ይነሳል። ጭፈራ ብሎ ነገር አይችልም ነበር። እኛ በሳቅ እንሞት ነበር፣ እሱም ያውቃል።

የመንደራዋ እናት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያላችሁኝን አደረግሁ። ቪዲዮውን ከቤተሰብ ግሩፑ አጠፋሁት፣ አያቱ ተቆጥተዋል፣ ግድ የለም። እንግዳ ሲመጣ «ጨፍር» የሚለው ቀርቷል።

ሐሙስ ማታ መብራት ጠፋ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ልጆቹ ተነጫንጨዋል። ጄሪካኑን አምጥቼ መምታት ጀመርኩ፣ ምት የሚባል ነገር አላውቅም፣ ዝም ብዬ ነው። ትንሿ ተነሳች። ልጁ መጀመሪያ ዝም ብሎ አየኝና «እማ፣ እንደዚህ አይደለም» ብሎ ጄሪካኑን ነጠቀኝ። እኔና እህቱ ስንጨፍር እሱ መታልን። ባለቤቴ በሻማው ጋዜጣ የሚያነብ መስሎ ተቀምጧል፣ እግሩ ግን ይመታል። እጁን ይዤ ሳብኩት። «እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ፣ ለኔ ነው የምታሳዩኝ?» ብሎ ተነሳ። ከተነሳ በኋላ ግን ጎጃም ሁሉ ጠፋበት። ልጁ ጄሪካኑን ጥሎ መጥቶ ትከሻውን ያዘውና «አባዬ፣ አንገትህን ተወው፣ ትከሻህን ነው» እያለ ያስተምረው ጀመር። እንደዚያ ጮክ ብሎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ጀበና፦
ቪዲዮ የለም እንዴ? የአባትየውን 😂

የመንደራዋ እናት፦
ስልኬ ዘግቶ ነበር። ቻርጅ ቢኖረውም አልቀርጽም ነበር ብዬ ልዋሽሽ?