ክርክር፦ በ40 ቀን የሚደርሰው የስጋ ዶሮ ባህር ዳር ይግባ አይግባ?

የሰባታሚት ልጅ፦ ሰላም ቤቶች። በማህበር ተደራጅተን ዶሮ እርባታ ልንጀምር ነው፣ አንዱ «ሮስ ወይ ኮብ የሚባሉትን ፈጣን የስጋ ዶሮዎች አስገቡ በ6 ሳምንት 2 ኪሎ ያልፋል» አለን፣ እኔ ግን አልዋጥልህ አለኝ። አውሮፓ ውስጥ እኮ እነዚህ ዝርያዎች ይቅሩ ብለው ሱፐርማርኬቱን የሚወተውቱ ሰዎች አሉ። ካናዳ አልበርታ ዩኒቨርሲቲ የድሮና የአሁን ዝርያ አንድ አይነት መኖ አብልተው በ56ኛው ቀን መዘኗቸው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር የ1957ቱ ዝርያ 905 ግራም የ2005ቱ 4202 ግራም። ደረቱ እንዲህ ሲፈጥን እግሩና ልቡ ከየት ይደርስበታል?

ጣና ዳር፦ ወንድሜ ይሄ የጠገበ አገር ክርክር ነው። እኔ ቤት ዶሮ የሚታረደው ለበዓል ብቻ ነው፣ እሱም በብድር። ይሄኛው ለ1 ኪሎ ክብደት 2 ኪሎ መኖ እንኳ አይፈጅም፣ በመኖ ዋጋ ለሚቃጠል ሰው ትልቅ ነገር ነው። እግሩን ያመዋል ብለን እንመልሰው?

የእንስሳት ሐኪም፦ እግሩ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ባህር ዳር ከባህር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ነች። ከፍታ ላይ ኦክስጅን ያንሳል፣ ዶሮው ደግሞ በላይ በላዩ እያደገ ስለሆነ ልቡ ደሙን ወደ ሳንባ ለመግፋት ሲታገል ይደክምና ሆዱ ውሃ ይቋጥራል፣ ብርድ ሲጨመር ይብሳል፣ ዳንግላና ደብረ ታቦር ያላችሁ ደግሞ ከኛም በላይ ናችሁ። መኖ ቀንሶ ማዘግየት ይቻላል፣ ግን ያኔ ፍጥነቱ የታለ? እናትና አባቶቹም እንዳይወፍሩ ተብሎ መኖ እየተቆነጠረላቸው ተርበው ነው የሚያድጉት፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም።

የቀበሌ 14 እናት፦ ልጆቼ እኔ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። አምና 100 አስገባሁ፣ ቀኑን ሳላሰላ ሁዳዴ ላይ ደረሱብኝ። 55 ቀን ማን ዶሮ ይበላል፣ ሆቴሉም አሳ ነው የሚጠይቀው። የሐበሻ ዶሮ ቢሆን ፋሲካ ድረስ ጓሮ ለቅማ ትቆያለች፣ እነዚህ ግን መቆየት አይችሉም፣ በየቀኑ ይከብዳሉ፣ መጨረሻ ላይ መመገቢያው ስር ተኝተው አንገታቸውን ብቻ እየዘረጉ ነበር የሚበሉት፣ ውሃው ጋ መሄድ አቅቷቸው እኔ በጣሳ እየዞርኩ አጠጣሁ። ሌሊት ስሰማቸው እንቅልፍ አይወስደኝም። ደግሞ ወጡስ? 12 ብልት አውጥቼ ቁሌቱ ሳይበስል ስጋው ፈረሰ።

ጣና ዳር፦ እትዬ አዝናለሁ፣ እውነት። ግን እሱ የቀን አቆጣጠር ስህተት ነው፣ ለፋሲካ አሰልቶ ማስገባት ይቻል ነበር።

የቀበሌ 14 እናት፦ ይቻላል ልጄ። መቆም ያቃታቸው ግን በጾሙ ምክንያት አይደለም፣ ገና በ5ኛው ሳምንት ነው የጀመራቸው።

ዘንዘልማ፦ ታዲያ የፈረንጅ ዶሮ በሙሉ ይቅር ነው የምትሉት? በሐበሻ ዶሮ ብቻ እኮ ከተማ አይጠግብም።

የሰባታሚት ልጅ፦ ኧረ በጭራሽ! ሳሶም የፈረንሳይ ዝርያ ነው ግን ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። እዛው ፈረንሳይ «ላቤል ሩዥ» የሚባለው የጥራት ምልክት ያለበት ዶሮ ከ81 ቀን በፊት አይታረድም፣ በውድ ነው የሚገዙት። እኛ ጋ የ45 ቀን ጫጩት እየተባለ የሚዞረው ሳሶ ጓሮ ይለቅማል፣ ቄቧም እንቁላል ትጥላለች፣ ፈንግል ከተከተበ በኋላ ይበረታል። ማለትም እነሱ ወደ ቀርፋፋው ለመመለስ እየታገሉ እኛ ደጃችን ያለውን ትተን ወደ ፈጣኑ ልንሮጥ ነው፣ ይሄ ነው ያንገበገበኝ።

ጣና ዳር፦ 81 ቀን የሚቀለብ ዶሮ ዋጋውን ማን ይችለዋል? እሱን መልስልኝ።

የሰባታሚት ልጅ፦ ጥያቄህ ልክ ነው። በቃ እኛ በ50 ሳሶ እንጀምርና የመኖውን ወጪ፣ የሞተውን፣ የተሸጠበትን ሳልደብቅ በየሳምንቱ እዚሁ እጽፋለሁ። እትዬ እርስዎም ደብተርዎ ካለ የ100ዎቹን ሂሳብ ይላኩልን፣ ጎን ለጎን እናየዋለን።