ድቡልቡል ድንጋይ ውስጥ ያለ ሸርጣን፦ በምን ልለየው? ወረቀቱ ላይስ ምን ልጻፍ?

የኬንቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እንግሊዝ አገር፣ ሼፒ ደሴት፣ ዋርደን ፖይንት ገደል ሥር ካለው ባህር ዳርቻ ከልጆቼ ጋር የለቀምናቸው ድንጋዮች ቤቱን ሞልተውታል። ቡናማና ግራጫ፣ ድቡልቡል ያሉ፣ ለመጠናቸው ከበድ የሚሉ ናቸው። አንዳንዶቹ ላይ የጥንት ሸርጣን ቅሪተ አካል አለ፣ ጀርባው ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንዱ ላይ መቆንጠጫ ብቻ ብቅ ብሏል። ሌላው ረዘም ያለ ሆኖ ጭራው ወደ ውስጥ የታጠፈ ነው፣ ሽሪምፕ ይሁን ሎብስተር አልገባኝም። ኢንተርኔት ላይ ያለው ፎቶ ሁሉ ተመሳሰለብኝ። በምን ልለያቸው? ሣጥን ውስጥ ሳስቀምጣቸውስ ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፋል? ባለቤቴ ደግሞ በአቼቶ ዘፍዝፊው፣ ድንጋዩ ይለቃል እያለኝ ነው። ልሞክረው?

ድንጋይ ፈላጭ፦
አቼቶውን ለሰላጣው ተይው እህቴ። የሼፒ ሸርጣን ቅርፊቱ በአብዛኛው ካልሳይት (የኖራ ድንጋይ ማዕድን) ነው፣ ዙሪያውን የያዘው ድንጋይ ደግሞ ፎስፌት የበዛበት ነው፤ አሲዱ ድንጋዩን ትቶ ቅርፊቱን ነው የሚበላልሽ። መዶሻም አይሆንም። ድንጋዩን ማንሳት የግድ ከሆነ በአጉሊ መነጽር እያዩ በመርፌ ወይም በአየር ግፊት በሚሠራ ትንሽ መቅረጫ ቀስ ብሎ ነው። ዓይን መከላከያና የአቧራ ጭምብል ደግሞ አይረሳ።

ወደ መለየቱ ስንመጣ፣ መጀመሪያ ስም አትፈልጊ፣ ቅርጹን እዪ። ጀርባው ሰፋ ብሎ ሆዱ ከሥር ከተጣበቀ ሸርጣን ነው። አካሉ እንደ ቱቦ ክብ ሆኖ ጀርባው ላይ ጠለቅ ያለ ቦይ ካለና ጭራው በክፍል በክፍል ከተከፋፈለ ሎብስተር ነው። ያንቺ የታጠፈው፣ ፎቶውን ሳላይ አልፈርድም እንጂ፣ እዚያ በብዛት የሚወጣው ሆፕሎፓሪያ ጋማሮይድስ የሚባለው ሎብስተር ስለሆነ ከሱ ጋር አነጻጽሪው። ከሸርጣኖቹ ደግሞ ጀርባው ላይ ለስላሳ ያበጡ ጉብታዎች ያሉት ዛንቶፕሲስ ወደሚባለው ወገን ያደላል። ጠርዙ ጥርሳም፣ ላዩ ሻካራ ከሆነ ዛንቲሊተስን አስቢ። ድቡልቡል ብሎ በጥልቅ ቦዮች የተከፋፈለ ካገኘሽ ድሮሚሊተስ ሊሆን ይችላል። ቦዮቹ፣ በዓይኖቹ መካከል ያለው የፊት ጠርዝ፣ የጎኑ ጥርሶች ብዛት፣ እነዚህ ናቸው የሚያፋርዱት። ቀለም ምንም አይነግርሽም። መቆንጠጫ ብቻ ያለውን በበኩሌ «ዲካፖዳ» (ሸርጣን፣ ሎብስተርና ሽሪምፕ ሁሉ የሚጠቃለሉበት ባለ አሥር እግሮች ምድብ) ብዬ እተወዋለሁ። ሆዱ ከታየ ደግሞ ጾታውንም ማወቅ ይቻላል፦ ጠባብና ሹል ወንድ፣ ሰፊ ሴት።

ጋሽ ጂኦሎጂ፦
ልጄ፣ ስሙ አያስጨንቅሽ። ስም ይቀየራል። ቶማስ ቤል የሚባል ተመራማሪ በ1858 ቴኖፕስ ያለው የዚያው አካባቢ ሎብስተር ዛሬ ሊኑፓሩስ የሚባል ወገን ውስጥ ነው የሚመደበው። የት እንደተገኘ ካልተጻፈ ግን ማንም ፕሮፌሰር መጥቶ አይሞላልሽም፤ ቦታው የጠፋበት ሸርጣን ለጥናት የሚሰጠው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ከቦታው ጀምሪ። «ሼፒ» ብቻ አይበቃም፣ ዋርደን ፖይንት፣ ከተቻለም የስልክሽን ጂፒኤስ ቁጥር ጨምሪ። ከዚያ የድንጋዩ ንብርብር፦ ለንደን ክሌይ (የሸክላ ንብርብሩ ስም)፣ ኢዮሲን (የዘመኑ ስም)፣ ወደ 50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። ባህሩ ከገደሉ የተለያየ ከፍታ የወረደውን አንድ ላይ ስለሚደባልቀው «ከባህር ዳርቻ የተለቀመ» ብለሽ መጻፍ አለብሽ፣ ያለዚያ ከንብርብሩ ያወጣሽው ይመስላል። ገደሉን መቆፈር እዚያ ክልክል መሆኑንም አትርሺ፣ ጥበቃ የሚደረግለት ቦታ ነው። ጭቃውም ሰው ይውጣል።

እርግጠኛ ያልሆንሽበትን አታስመስዪው። «ዛንቶፕሲስ ኤስፒ.» ማለት ወገኑን አውቄያለሁ፣ ዝርያውን አላወቅሁም ነው። «ሲ.ኤፍ.» ይመስላል፣ ይነጻጸር ነው። ማን እንደለየውና መቼ እንደለየው ይጻፍ። የተሰበረ ከተጣበቀ ወይም የጎደለ ከተሞላ ያም ይጻፍ፣ እሱን መደበቅ ማጭበርበር ነው።

ወሬኛው፦
ጋሼ፣ ስም ከሌለው ምኑን ሰብስቤ አሳየዋለሁ? እንግዳ መጥቶ «ይሄ ምንድነው?» ሲል «ዲካፖዳ» ልበለው? 😂 እኔ ሁሉንም የጥፍር ቀለም ቀብቼ አብለጭልጬ መደርደሪያ ላይ ነው የምደረድረው።

ጋሽ ጂኦሎጂ፦
«ሸርጣን ነው» በለው፣ ይበቃዋል። የጥፍር ቀለሙ ግን በጊዜ ብዛት ይቢጫል፣ ይላጣል። ቁጥር ለመጻፍ ከሆነ በአሲቶን የሟሟ ፓራሎይድ ቢ-72 (ሙዚየሞች የሚጠቀሙበት ሙጫ መሳይ ነገር) በድንጋዩ ጎን ላይ ትንሽ ትቀባለህ፣ ሲደርቅ በቀለም ትጽፍበታለህ፣ ከላዩ ደግሞ ትደግመዋለህ። ካስፈለገ በአሲቶን ይለቃል። ቅርፊቱ ላይ ግን በፍጹም! ያው ቁጥር ወረቀቱም ላይ፣ ደብተርም ላይ ይግባ። ተራ የእስክሪብቶ ቀለም ይደበዝዛል፣ እርሳስ ይሻላል።

የኬንቷ፦
በጣም አመሰግናለሁ። ቀኑን በየትኛው አቆጣጠር ልጻፍ? እኔ ማስታወሻዬን በሙሉ በሐበሻ ነው የምይዘው። ደግሞ አንዱ ድንጋይ ነጭ ዱቄት መሳይ ነገር አውጥቶ መሽተት ጀምሯል።

ድንጋይ ፈላጭ፦
ቀኑን በፈረንጅ አድርጊው፣ ወሩንም በቃል ጻፊው። መስከረም 4 ቀን 2017 የምትዪው እዚህ 14 ሴፕቴምበር 2024 ነው፣ «2017» ብቻ ያነበበ ሰው 7 ዓመት ወደ ኋላ ይወስድብሻል። ስሙንም ቦታውንም በላቲን ፊደል፣ አማርኛውን ከሥር።

ዱቄቱ ከፓይራይት (ከብረትና ከድኝ የተሠራ ማዕድን) የመጣ ነው፣ እርጥበት አግኝቶ እየፈረሰ ነው። ዛሬውኑ ከሌሎቹ ለይው። በውሃ አትጠቢው፣ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ሣጥን እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋር አድርጊው፣ ከአዲስ ጫማ ጋር የሚመጣችው ከረጢት ለጊዜው ትበቃለች። ሲፈርስ ሰልፈሪክ አሲድ ስለሚያወጣ ወረቀቱንም ስለሚበላ፣ ወረቀቱን በፕላስቲክ ከረጢት ለብቻው አድርጊው። ፎቶም አሁኑኑ አንሺው፣ ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጪ። የታጠፈውንም ከላይና ከጎን አንስተሽ ላኪልን።