ጀርመንኛን ከጆሮ እንጀምር ወይስ ከሠንጠረዥ? በምክረ ሐሳቡ ረቂቅ ላይ የአባላት ውይይት

ጸሐፊው፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ለትምህርት ቢሮ የምናቀርበው ምክረ ሐሳብ ረቂቅ ይኸውላችሁ። የጀርመንኛ ክበቡ ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ሆኖ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ይካሄዳል። ከዚያ በኋላ በድሬዳዋ ፀሐይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቁጭ በሉ ማለት ግፍ ነው። የመጀመሪያው መንፈቅ ለሰዋስው ተሰጥቷል፤ ሦስቱ ጾታዎች፣ አራቱ ሙያዎች (ስም በዓረፍተ ነገር ውስጥ ባለቤት፣ ተሳቢ ወዘተ የሚሆንባቸው መልኮች)፣ የግሥ እርባታ። አነባበብ በሁለተኛው መንፈቅ ይመጣል። ዓላማችን ተማሪው በዓመቱ መጨረሻ ለኤ1፣ ማለትም ለጀማሪዎች ደረጃ፣ ፈተና እንዲቀርብ ነው። አስተያየታችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እጠብቃለሁ።

መምህርት፣ ከከዚራ፦
ድካምህ የሚመሰገን ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን የተገላቢጦሽ ሆኖብኛል። ዐምና በትርፍ ጊዜዬ ያስጠናኋቸው ልጆች የሰዋስውን ሠንጠረዥ እንደ ዳዊት ይደግሙት ነበር። አንዷን እሑድ እሑድ ወዴት እንደምትሄድ ስጠይቃት፣ ቤተ ክርስቲያን (Kirche) ማለቷ ሆኖ «ኪርሸ» አለችኝ። ጾታው ልክ ነው፣ ሙያው ልክ ነው፤ በ«ሽ» የሚጠራው ግን ቼሪ የሚባለው ፍሬ ነው። ልጅቷ በየሳምንቱ ፍሬ ውስጥ ገብታ ታስቀድሳለች ማለት ነው!

መፍትሔው ቀላል ነው። «ይ» በሉ፤ ምላሳችሁን ከቦታው ሳታነቃንቁ ድምፁን አጥፉና ትንፋሹን ብቻ አውጡ። በ«Kirche» ውስጥ የሚፈለገው «ch» እርሱ ነው፤ «ሽ»ም «ክ»ም «ኽ»ም አይደለም። ለዚህ ድምፅ ፊደል ስለሌለን፣ «የጀርመንኛ ቃላት በግእዝ ፊደል ተጽፈው ይታደላሉ» የሚለው አንቀጽ ይሰረዝልኝ። እኔ ራሴ እዚህ በፊደላችን ልጽፈው አልቻልኩም።

ሌላው ችግር ማጥበቅ ነው። እኛ «አለ»ን አላልተን ስናነበው አንድ፣ አጥብቀን ስናነበው ሌላ ትርጉም እንሰጠዋለን። ጀርመኖች ግን የሚያረዝሙትና የሚያሳጥሩት አናባቢውን ነው። «ኦፈን» ሲባል «ኦ» ከረዘመ ምድጃ፣ ካጠረ ክፍት ማለት ነው። ሁለተኛው በድርብ «ኤፍ» ስለሚጻፍ ልጆቻችን «ፍ»ን ያጠብቁታል፤ አናባቢውን ግን እንደ ምድጃው ያረዝሙታል። ድርብ ፊደሉ ከፊቱ ያለው አናባቢ አጭር መሆኑን የሚናገር ምልክት ብቻ ነው። ይህ በሁለተኛው መንፈቅ ይታረም ከተባለ፣ እስከዚያ አፋቸው ለምዶታል።

መምህር፣ ከመጋላ፦
እህቴ፣ በፍሬው ስቄአለሁ። ይሁን እንጂ ሰዋስውን የቅጣት ሥራ አታስመስዪው። «ውሻው መጣ»፣ «ውሻውን አየሁት» እንላለን። ጀርመንኛም ተባዕቱ ባለቤት ሲሆን «ዴር ሁንት»፣ ተሳቢ ሲሆን «ዴን ሁንት» ይላል። «ን»ዋ ቁጭ ብላለች! ዝምድና የለውም፣ አጋጣሚ ነው፤ ግን ተማሪ እንዲህ ያለ ማስታወሻ ካገኘ አይረሳም። አንስታዩና ግዑዙ ደግሞ ተሳቢ ሲሆኑ መልካቸውን አይለውጡም፤ ሸክሙ በዚያው ቀለለ።

«ስለደከመኝ ቀረሁ» ስንል ምክንያቱ የራሱን ግሥ ይዞ ይዘጋል፤ ጀርመንኛም «ቫይል» ብሎ ምክንያት ሲሰጥ ግሡን ወደ መጨረሻ ይሰደዋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪው የሚሰናከልበት ይህ ቦታ ለእኛ ልጅ ቤቱ ነው። የሚያስቸግረን ዋናው ዓረፍተ ነገር ነው፤ እዚያ ግሡ ሁለተኛውን ቦታ ካልያዘ ጉድ ይፈላል። ይህን ሁሉ ወደ ኋላ ብንገፋው፣ ልጆቹ ሰላምታ ብቻ የሚያውቁ በቀቀኖች ይሆናሉ።

የሒሳብ መምህር፣ ከሳቢያን፦
የቋንቋ ሰው አይደለሁም፤ ስለ ቁጥር ግን ልናገር። 21ን ጀርመኖች «አንድና ሃያ» ይላሉ። አማርኛና ኦሮምኛ ሃያውን ያስቀድማሉ፤ ሶማሊኛና ዐረብኛ ግን እንደ ጀርመንኛ አንዱን ያስቀድማሉ። በእኛ ከተማ ክፍል ውስጥ በሶማሊኛ የሚቆጥር ልጅ አይጠፋም፤ ለሌሎቹ እርሱ ያስቆጥር። ሰዓት ላይ ሁሉም እኩል ይቸገራሉ። «ሃልፕ ድራይ» ሦስት ተኩል አይደለም፤ ወደ ሦስት ግማሽ የቀረው ነው፣ በእነርሱ 2፡30፣ በእኛ ስምንት ተኩል። ተማሪው ሁለት ጊዜ ያሰላል።

ጡረተኛው አባል፦
ልጆቼ፣ ጀርመናዊውን ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍን አስታውሱ። ኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ በ1652 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀርመን አገር ጎታ ድረስ ሄዱለት። አማርኛን ከእርሳቸው አፍ ተማረ፤ የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፉ የታተመው ግን በ1698 ነው። መጀመሪያ ሰማ፣ በኋላ ሠንጠረዥ ሠራ።

መምህርት፣ ከከዚራ፦
ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። የመጋላው ወንድሜ፣ «ዴን»ህን ወስጃለሁ፤ ሰዋስው ይቅር አላልኩም። እያንዳንዱ ቅዳሜ በ20 ደቂቃ አነባበብ ይጀመርና የቀረው ጊዜ ለሰዋስው ይሁን። «ኻሊድ» ብለው ጓደኛቸውን የሚጠሩ ልጆች «ቡኽ» ለማለት፣ መጽሐፍ ማለት ነው፣ ትምህርት አያስፈልጋቸውም። ቀን የሚለውን «ታክ» በ«ጣ» እንዳይጀምሩት ደግሞ ወረቀት ከአፋቸው ፊት ያዙላቸው፤ ወረቀቱ ከተነቃነቀ ልክ ነው። የጀርመንኛው «ü»፣ ማለትም ከንፈርን እንደ «ኡ» አሹሎ «ኢ» ማለት፣ የሚለመደው በመስታወት ነው፤ ትንንሽ የእጅ መስታወቶች በጀቱ ውስጥ ይግቡ።

መምህር፣ ከመጋላ፦
20 ደቂቃው 30 እንዳይሆን እንጂ፣ እስማማለሁ።

ጸሐፊው፦
ተስተካክሏል። አንቀጽ 4 አሁን እንዲህ ይነበባል፦ «እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ በ20 ደቂቃ የአነባበብ ልምምድ ይጀምራል፤ ሰዋስው ተማሪው ከሚናገረው የራሱ ቋንቋ ጋር እየተነጻጸረ ይሰጣል፤ የጀርመንኛ ቃላት በግእዝ ፊደል ተጽፈው አይታደሉም።» ቁጥርና ሰዓት በሦስተኛው ሳምንት ገብተዋል፤ የሒሳብ መምህራችን ያንን ቅዳሜ አብረውን ይሆናሉ። በጀቱ ላይ 30 የእጅ መስታወት ጨምሬአለሁ። ከቀፊራ ገበያ ማን ይግዛልን?

የሒሳብ መምህር፣ ከሳቢያን፦
እኔ እሄዳለሁ፤ ደረሰኝ የሚሰጥ ሻጭ ካገኘሁ።