ጓሮዬ ያለው ዘንባባ የትኛው ዓይነት ነው?

ጥያቄ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ቤት ከገባን ሰባት ዓመት ሊሞላን ነው። ከጓሮው ጥግ አንድ ዘንባባ አለ። ማን እንደተከለው አናውቅም። ስንገባ ወገቤ ድረስ ነበር፤ አሁን ግን ቀና ብዬ ነው የማየው። ትልቁን ቅጠል በሜትር ለካሁት፣ 2 ሜትር ከ40 ሆነ። እንደ ላባ ግራና ቀኝ የተሰደረ እንጂ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ አይደለም። ከሥሩ ደግሞ አራት ቡቃያ አውጥቷል።

ባለቤቴ «ቡቃያዎቹን ቆርጠን አንዱን ግንድ ብቻ እናሳድግ» ይላል። እኔ ምንነቱን ሳላውቅ መጋዝ እንዲነካው አልፈልግም። በጣም ነው የምወደው። ባለፈው ሳምንት የደረቁ ቅጠሎችን ሳነሳ እሾሁ ጓንቴን በስቶ አውራ ጣቴን ወጋኝ፤ ሁለት ቀን አብጦ ነበር። ቴምር ይሆን?

መልስ 1፦

ሳይካስ እንዳይሆን አጣሪ። ዘንባባ ይመስላል እንጂ ዘንባባ አይደለም። መርዛማ ነው፣ በተለይ ዘሩ። ልጅ ወይም ውሻ ካለሽ ጉዳዩን ቀላል አታድርጊው።

መልስ 2፦

ስለ ሳይካስ የተነገረው ማስጠንቀቂያ ትክክል ነው፤ ግን በየጓሮው የሚተከለው ሳይካስ ቅጠሉ ይህን ያህል አይረዝምም። አዲሱ ቅጠልም ሲወጣ በዘንጉ ላይ ያሉት ትናንሽ ቅጠሎች ተጠቅልለው ነው። ያንቺ ሌላ ነው።

እህቴ፣ የወጋሽን እሾህ ደግመሽ እይው። ከግንዱ አጠገብ፣ ከቅጠሉ ዘንግ ግርጌ ነው አይደል? እሱ ቅጠል ነበር፤ ታችኞቹ ትናንሽ ቅጠሎች ናቸው ወደ እሾህ የተለወጡት። አሁን ደግሞ ከዘንጉ መሃል አንዷን ቅጠል ያዢና አስተጣጠፏን ተመልከቺ። እንደ አሸንዳ ወደ ላይ የተከፈተች ናት ወይስ እንደ ቤት ክዳን ወደ ታች የከደነች? አብዛኞቹ ላባ ቅጠል ያላቸው ዘንባባዎች ወደ ታች ይከድናሉ። አሸንዳና እሾህ አንድ ላይ ከተገኙ ፊኒክስ የሚባለው ወገን ነው፤ የቴምር ዘመዶች ማለት ነው። በውስጡ 14 ያህል ዝርያ አለ።

ከዚያ በኋላ መለየቱ ይቀላል። የካናሪ ደሴቶች ዘንባባ ከሥሩ ቡቃያ አያወጣም፣ ስለዚህ ከወዲሁ ተውት። ቴምር ያወጣል፤ ቅጠሉ ግን አመድማና ደረቅ ያለ ነው። ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ፣ ግንዱ ቀጭንና ወደ ጎን ዘንበል ያለ ከሆነ ፊኒክስ ሬክሊናታ ነው እላለሁ። የስሙ ትርጉምም «ወደ ኋላ ዘንበል ያለ» ማለት ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ እነዚህ ዘመዳሞች እርስ በርስ ይዳቀላሉ። ስለዚህ ሁሉም ምልክት አልገጥም ቢልሽ አይግረምሽ።

ጣትሽን አደራ። የእሾሁ ስባሪ መጋጠሚያ ውስጥ ከቀረ እብጠቱ ሊመላለስ ይችላል። ተመልሶ ካበጠ ሐኪም ይየው።

ጠያቂዋ፦

ዛሬ ጠዋት በብርጭቆ ውሃ ይዤ ወጣሁ። አንዷ ቅጠል ላይ ትንሽ ጠብ አደረግሁ። ውሃው ወደ ጎን አልፈሰሰም! በእጥፋቷ ውስጥ ተንከባልሎ እስከ ዘንጉ ድረስ ወረደ። አሸንዳ ናት። ቀለሙ ምንም አመድማነት የለውም፣ ዘይት የተቀባ ይመስላል። ግንዱን በገመድ ዙሪያውን ለካሁት፣ 48 ሳንቲ ሜትር። ወደ አጥሩ ዘንበል ማለቱን ደግሞ እስከ ዛሬ ብርሃን ፍለጋ ነው እያልኩ ነበር። እሾሁም እንዳልከው ነው፤ ወደ ላይ እየሄደ ቀስ በቀስ ቅጠል ይሆናል። ፍሬ ግን አንድም ቀን አላየሁበትም። ችግር ይኖረው ይሆን?

መልስ 3፦

ፍሬ አለማፍራቱ በሽታ አይደለም። በዚህ ወገን ወንዱና ሴቱ ለየብቻ ናቸው። ያንቺው ወንድ ከሆነ አበባ እንጂ ፍሬ አይሰጥም። ሴት ከሆነች ደግሞ ቅርብ ወንድ ያስፈልጋታል።

ስለ መቁረጡ፦ ቡቃያ ማንሳት ዋናውን ግንድ አይገድለውም። የግንዱን ጫፍ ግን እንዳትነኩት። ዘንባባ የሚያድገው በዚያች በአንዷ እምቡጥ ብቻ ነው፤ እሷ ከተቆረጠች ያ ግንድ አለቀለት። እኔ ብሆን ሁለት ቡቃያ እተው ነበር፤ ይህ ዛፍ በቡድን ሲቆም ነው የሚያምረው።

ጠያቂዋ፦

ለባለቤቴ አነበብኩለት። ሁለቱ ይቀራሉ፣ መንገዱ ላይ ያሉት ሁለቱ ይነሳሉ። ወፍራም የቆዳ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ሳላገኝ ግን አልጀምርም። ሲያብብ ፎቶ ይዤ እመለሳለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።